«ጋራንቲ አለው» ተብሎ የተሸጠ አዲስ መኪና ሲበላሽ ሻጩን በቃሉ ማሰር

መኪናው ተበላሽቶ ወደ ሻጩ ሲሄዱ የሚሰሙት መልስ ከአራት አንዱ ነው፦ «ባህሪው ነው»፣ «ይሄ በጋራንቲ አይሸፈንም»፣ «ሌላ ቦታ ተነክቷል»፣ «ዕቃው ከቻይና እየመጣ ነው»። ለአራቱም መልስ አለ። ችግሩ መልሱ በአፍ ሲሆን አይሠራም። ቀን፣ ኪሎ ሜትርና ፊርማ ያለበት ወረቀት ያለው ሰው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ መኪናው ይጠገንለታል፤ ወረቀት የሌለው ደግሞ ሥራ አስኪያጁን ለማግኘት ሲመላለስ የጋራንቲው ጊዜ ያልፋል።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ መኪና ማለት ባመዛኙ ኤሌክትሪክ ማለት ሆኗል። እዚህ የተጻፈው በተለይ ከከተማው ጠርዝ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከሰበታ ለሚመላለስ ባለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። መንገዱም፣ መብራቱም፣ ጎሚስታውም፣ ላቫጆውም ለሻጩ ሰበብ የሚሆንበት አካባቢ ነውና።

ጋራንቲው የማን ነው?

የአምራች ጋራንቲ አገር አለው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና አስመጪው ገዝቶ ሲያመጣው የፋብሪካው ጋራንቲ አብሮት ድንበር አይሻገርም። ቮልስዋገን አይዲ 6ን ይውሰዱ፤ መኪናው የተሠራውም የተሸጠውም ቻይና ውስጥ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ቢበላሽ ጀርመን ያለው ፋብሪካ አይመለከተውም። «ባትሪው 8 ዓመት ጋራንቲ አለው» የሚባለውም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ ከባዶ አልመጣም፤ ቻይና አምራቾቿን ለባትሪና ለሞተር ቢያንስ 8 ዓመት ወይም 120,000 ኪ.ሜ. ዋስትና እንዲሰጡ ታስገድዳለች። ግዴታው ግን እዚያ ለተሸጠ መኪና ነው። እዚህ እርስዎ ያለዎት ጋራንቲ የሸጠልዎ ድርጅት ማኅተሙን ያሳረፈበት ወረቀት ብቻ ነው። አስመጪው የአምራቹ ሕጋዊ ወኪል ከሆነ የውክልና ደብዳቤውን ቅጂ ይጠይቁ፤ የሚያኮራ ወረቀት ስለሆነ ያለው ሰው አይደብቀውም።

ስለዚህ ድርድሩ ከክፍያ በፊት ነው። ወረቀቱ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ 17ቱም ፊደልና አኃዝ ይጻፍ። ጋራንቲው የሚጀምርበት ቀን ይጻፍ፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑም ይገለጽ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፦ ደረሰኝ ተቆርጦ ታርጋና ሊብሬ እስኪወጣ መኪናው ሾውሩም ውስጥ ወራት ሊቆም ይችላል፤ ጋራንቲው ከደረሰኙ ቀን የሚቆጠር ከሆነ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይነዱ ጊዜው ይበላል። «ከርክክብ ቀን ጀምሮ» ተብሎ ይጻፍልዎ፤ የርክክብ ሰነዱም ለብቻው ቀን ይኑረው።

የሚሸፈኑት ክፍሎች በስም ይዘርዘሩ። «ባትሪና ሞተር» ብቻ ከተባለ ብዙ ነገር ውጭ ቀርቷል። የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚቀይረው ኢንቨርተር፣ መኪናው ውስጥ ያለው ቻርጀር (ኦን ቦርድ ቻርጀር የሚሉት)፣ የ12 ቮልቱን ባትሪ የሚሞላው ዲሲ-ዲሲ ኮንቨርተር፣ የአየር ማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር፣ ትልቁ ስክሪን ይጨመሩ። የባትሪው ጋራንቲ «አቅሙ ከስንት በመቶ ሲወርድ» እንደሚሠራ ይጻፍ፤ በዓለም ገበያ የተለመደው 70 በመቶ ነው። በመቶኛ ያልተጻፈ የባትሪ ጋራንቲ ባትሪው ጨርሶ ካልሞተ በቀር አይሠራም። የእጅ ዋጋና የመኪና መጫኛ ወጪ በማን እንደሆነም ይገለጽ። ከሱሉልታ ወይም ከሰበታ አንድ ጊዜ አስጭኖ ማምጣት ቀላል ገንዘብ አይደለም።

«3 ዓመት ወይም 100,000 ኪ.ሜ.» ማለት ቀድሞ የደረሰው ነው። ከኮዬ ፈጬ መርካቶ ደርሶ በቀን 60 ኪ.ሜ. የሚነዳ ሰው፣ በወር 26 ቀን ቢወጣ፣ በዓመት 18,720 ኪ.ሜ. ይሄዳል፤ በ3 ዓመት 56,160። ለእሱ የሚያልቀው ዓመቱ ነው፤ ኪሎ ሜትር ከሚጨመርለት ዓመት ይጨመርለት። በቀን 150 ኪ.ሜ. የሚሠራ የራይድ ሹፌር ግን 100,000ውን በ26 ወር ግድም ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለው ገዢ መኪናው ለንግድ ሥራ መዋሉ ጋራንቲውን ያሳጥር ወይም ያስቀር እንደሆነ አስቀድሞ ያንብብ። ኮድ 2 ላይ የሚሠራ ጋራንቲ ለኮድ 1 እና ለኮድ 3 ላይሠራ ይችላል።

ስለ ደረሰኙ አንድ ነገር። ዋጋው ዝቅ ብሎ እንዲጻፍ መስማማት ሻጩ ቫት እንዲቀንስ ከመርዳት በተጨማሪ የራስን ገመድ መፍተል ነው። ነገ ገንዘብ ይመለስልኝ ቢሉ የሚመለሰው ደረሰኙ ላይ ያለው ነው። በደረሰኙ፣ በጋራንቲ ወረቀቱና በሊብሬው ላይ ያለው ስምም አንድ ይሁን፤ በወንድም ስም ተገዝቶ በሚስት ስም ሊብሬ ከወጣ ሰርቪስ ክፍሉ መጀመሪያ የሚያነሣው ይህንኑ ነው።

ሲረከቡ

በቀን ብርሃን ይረከቡ። የሻንሲ ቁጥሩን ከመስታወቱ ሥር፣ ከበሩ ምሰሶና ከሰነዱ ላይ አስተያይተው ፎቶ ያንሡ። ጎማው ጎን ላይ ካሉት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለተኛዎቹ ዓመቱን ይነግራሉ፤ 2324 ማለት በ2024 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ነው። መኪናው ወደብ ላይና መጋዘን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቆመ ከዚህ ይገመታል፤ ረጅም ጊዜ የቆመ መኪና የ12 ቮልት ባትሪው ደክሞ ሊሆን ይችላልና እዚያው ይለካ። ከዚያ ስልክዎን በአራቱም ጎን ከመኪናው ሥር አስገብተው የባትሪውን ሆድ ይቅረጹ። ይህ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ በኋላ «ድንጋይ መትቶታል» ሲባል ብቸኛው ምስክርዎ ነው። በቤት ቻርጀሩም፣ ፈጣን ቻርጀር ካለም በእሱ፣ እያንዳንዱን ዐሥር ደቂቃ ሞልተው ይመልከቱ።

የሰርቪስ ደብተሩ ውስጥ የመጀመሪያው ሰርቪስ በስንት ኪ.ሜ. እንደሆነ አይተው ስልክዎ ላይ ማስታወሻ ያስቀምጡ። 5,000 ከሆነ ያ በቀን 60 ኪ.ሜ. የሚነዳው ሰው በሦስት ወር ከምናምን ይደርስበታል። ቀጠሮ ከሌለ ያለመኖሩን በጽሑፍ ያስመልሱ፤ 5,900 ላይ ሄደው «አሳልፈሃል» እንዳይባሉ።

ጋራንቲ የሚያሳጡ የሰፈር ልማዶች

ጎሚስታ። በነዳጅ መኪና ክሪኩን ያገኙበት ብረት ሥር መክተት የለመደ እጅ የኤሌክትሪኩንም እንዲሁ ያነሣዋል። ኤሌክትሪኩ ግን በአራቱ ጎማዎች መካከል ያለው ወለል በሙሉ ባትሪ ነው። ክሪክ የሚገባው ከጫፉ፣ ከፊት ጎማው ኋላና ከኋላ ጎማው ፊት፣ በጠርዙ ላይ ምልክት ወይም ጎድጎድ ያለባቸው አራት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው። ወደ ውስጥ አንድ ስንዝር ቢገባ የባትሪው ሽፋን ይጎደጉዳል፤ ዛሬ ምንም አይልም፣ ከስድስት ወር በኋላ በሌላ ምክንያት ባትሪው ሲታይ ጎድጓዳው ይገኛል፣ ጋራንቲውም እዚያው ያበቃል። ጎማ ሲያስጠግኑ ቡና ለመጠጣት ዞር አይበሉ፤ ክሪኩ ሲገባ ቆመው ይዩ።

ላቫጆ። ኮፈኑ ተከፍቶ በግፊት ውኃ እንዲታጠብ አይፍቀዱ። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ወፋፍራም ገመዶች ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸው ናቸው፤ ማገናኛቸው ውኃ ይቋቋማል የሚባለው ለዝናብ እንጂ በአንድ ክንድ ርቀት ለሚተፋ ፓምፕ አይደለም። ውስጡ ዝገት ወይም ጭቃ ከተገኘ «ውኃ ገብቶበታል» ተብሎ ይዘጋል። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል።

ገመድ። መንገድ ላይ ሲቆም ጎረቤት በገመድ ልጎትትልህ ቢል አመስግነው እምቢ ይበሉ። ጎማው ሲሽከረከር ሞተሩም ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ሲሽከረከር ደግሞ ኃይል ያመነጫል፤ ያ ኃይል ኢንቨርተሩን ሊያቃጥል ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪና አራቱም ጎማ ከመሬት ተነሥቶ በሎቤድ ተጭኖ ይሄዳል። የግድ ከአስፋልት ዳር ማስጠጋት ካለብዎ መመሪያው መጽሐፍ በሚለው መንገድ ብቻ፣ በእግር ርምጃ ፍጥነት።

መብራቱ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የቻርጀር ብልሽት ሲመጣ ሻጩ መጀመሪያ የሚይዘው ይህን ነው። የእጅ ቻርጀሩ ቀይ እያበራ አልሞላም ካለ ብዙ ጊዜ መኪናው ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ኧርዝ፣ ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር ነው። የሰፈር ኤሌክትሪሺያን አቋራጩን ያውቀዋል፦ ሶኬቱ ውስጥ ኧርዙን ከመመለሻው ሽቦ (ከኒውትራሉ) ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሁሉም ይደሰታል። ውጭ ያለው ኒውትራል አንድ ቀን ቢበጠስ የመኪናው አካል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ልጅ በር ሊከፍት ሲነካው ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው። ጋራንቲውን ማሳጣቱ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሹ ነገር ነው።

ትክክለኛው መሬት ውስጥ የተቀበረ የመዳብ ዘንግና በመሣሪያ የተለካ ኧርዝ ነው። አቃቂና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ያለው መረሬ አፈር በበጋ ስለሚሰነጠቅ ዘንጉ ከአፈሩ ይላቀቃል፤ በክረምት ይሠራ የነበረ ቻርጀር በየካቲት እምቢ ቢል መጀመሪያ የሚጠረጠረው መኪናው ሳይሆን መሬቱ ነው። ሰባት ኪሎ ዋት የሚሞላ የግድግዳ ቻርጀር 32 አምፔር ይስባል፤ ቢያንስ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። ለተራ ሶኬት በተዘረጋ ባለ 2.5 ካሬ ገመድ ላይ እሱን መስቀል ግድግዳ ማቃጠል ነው። ከኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ በመስኮት የወረደ፣ ግማሹ የተጠቀለለ ኤክስቴንሽንም ለቻርጅ አይሆንም፤ የተጠቀለለው ክፍል ሙቀቱን መውጫ ያሳጣዋል።

ኤሌክትሪሺያኑ ሥራውን ሲጨርስ ሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልቴጅ መኪናው ሳይሰካና ተሰክቶ እየሞላ ሁለት ጊዜ ይለካ። 220 የነበረው ሲሞላ ወደ 195 የሚወርድ ከሆነ መስመሩ ቀጭን ነው ወይም ማያያዣው ላልቷል። ሁለቱን ቁጥሮች፣ የኧርዙን ልኬት፣ የገመዱን ውፍረትና ቀኑን በወረቀት ጽፎ ይፈርምልዎ። ይህች ግማሽ ገጽ «የመብራት መዋዠቅ ነው ያቃጠለው» ለሚለው መልስ ናት።

አላርም፣ ካሜራ፣ ጂፒኤስ በውጭ ባለሙያ ሽቦ ተቆርጦ የሚገጠም ከሆነም ያው ነው። ባንክ ወይም ኢንሹራንስ ጂፒኤስ ካስገደደዎት ሻጩ ራሱ እንዲገጥመው ያድርጉ፤ እምቢ ካለ መግጠሙን እንደማይቃወም በደብዳቤ ይጻፍልዎ።

የተበላሸ ዕለት

መብራት ሲበራ ወይም ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ ስልክ ይውጣ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ፣ ኪሎ ሜትሩና የባትሪው መቶኛ በአንድ ቪዲዮ ይያዙ። የሚያውቁት መካኒክ «የ12 ቮልቱን ፍታና ግጠመው፣ ይጠፋል» ይላል፤ ሊጠፋም ይችላል። አብሮት ግን ማስረጃው ይጠፋል፤ ሰርቪስ ክፍሉ ሲመረምር ምንም ኮድ አያገኝም፣ «ችግር የለበትም» ብሎ ይመልስዎታል።

ሰርቪስ ክፍሉ ሲደርሱ የሚከፈተው ጆብ ካርድ (የሥራ ትዕዛዝ) ከጋራንቲ ወረቀቱ ቀጥሎ ትልቁ ሰነድዎ ነው። ተቀባዩ ብዙ ሲናገሩት ጥቂት ይጽፋል። «ድምፅ አለው» ብሎ ከጻፈ ምንም አልተጻፈም። እንዲህ ይጻፍ፦

«ከ30 እስከ 40 ኪ.ሜ. በሰዓት ኮብልስቶን ላይ ሲሄድ ከፊት ግራ ጎማ በኩል ይንኳኳል። አስፋልት ላይ አይሰማም። ከኅዳር 4 ጀምሮ፣ በ6,120 ኪ.ሜ.። መሪ ወደ ቀኝ ሲዞር ይብሳል።»

ካልጻፈልዎት ራስዎ ጽፈው ይስጡትና ከካርዱ ጋር ያያይዘው። የገባበት ቀን፣ ሰዓት፣ ኪ.ሜ.፣ የባትሪ መቶኛና የምርመራ ማሽኑ ያወጣቸው ኮዶች በካርዱ ላይ ይስፈሩ፤ ኮዱ ከመሰረዙ በፊት ይታተም ወይም ስክሪኑ ፎቶ ይነሣ። ቅጂ «አንሰጥም» ከተባለ ፎቶ አንሥተው ይውጡ። ሙከራ ሲነዱ አብረው ይሂዱ፤ ግቢያቸው ሊሾ ነው፣ ሰፈርዎ ደግሞ ድንጋይ። ድምፁ ወደሚሰማበት መንገድ መካኒኩን ይውሰዱት።

አራቱ መልሶች

«ባህሪው ነው» አንዳንዴ እውነት ነው፤ ሳያጣሩ መከራከር ቀጥሎ የሚያነሡትንም ያረክሳል። ከእንጦጦ በሙሉ ባትሪ ሲወርዱ ሞተሩ መኪናውን እንደ ፍሬን የሚይዝበት ኃይል መቀነሱ ብልሽት አይደለም፤ የሞላ ባትሪ የሚመለስለትን ኃይል የሚያኖርበት ቦታ የለውም፣ ሥራው በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሻጩ የነገረዎትን ርቀት አለመድረሱም እንዲሁ፤ ያ ቁጥር ቻይና ውስጥ በሚሠራበት መለኪያ የወጣ ነው፣ ዳገትንና ጭነትን አያውቅም። ኤልኤፍፒ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት) የሚባለው ዓይነት ባትሪ ያላቸው መኪኖች ደግሞ አልፎ አልፎ እስከ 100 ካልተሞሉ ቆጣሪያቸው ይሳሳታል፤ ከ15 በመቶ በድንገት ወደ 4 መውረድ የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል። በሳምንት አንዴ እስከ 100 እየሞሉ ለሦስት ሳምንት ያዩት።

ከዚያ በኋላም ባትሪው ደክሟል ብለው ከጠረጠሩ በቁጥር ይሂዱ። ከ100 እስከ 10 በመቶ ነድተው መኪናው የተጠቀመውን ኪሎ ዋት ሰዓት ይመዝግቡ። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ እስከዚያ 54 ገደማ ሊሰጥ ይገባል። 45 ብቻ ከሰጠ፣ 45ን ለ0.9 ሲያካፍሉ 50 ይመጣል፤ 50 ከ60 ደግሞ 83 በመቶ ነው። ግምት ነው፤ ግን ሻጩ በራሱ ማሽን የባትሪውን ጤንነት ለክቶ አትሞ እንዲሰጥዎ ለመጠየቅ ይበቃል። ውሉ 70 የሚል ከሆነ 83 ገና ጋራንቲ አያስነሣም፤ ዛሬ የታተመው ቁጥር ግን ከዓመት በኋላ ለማነጻጸር ይጠቅማል።

ባህሪው አይመስለኝም ካሉ አጭሩ መንገድ ያው ሞዴል ሌላ መኪና ላይ ማሳየት ነው፤ ግቢያቸው ውስጥ አይጠፋም። ሁለተኛው «ባህሪው ነው ብላችሁ ጆብ ካርዱ ላይ ጻፉና ፈርሙልኝ» ማለት ነው። በአፍ ሲሉት የቀለላቸው፣ በፊርማ ሲሆን ኮፈን ያስከፍታል።

«አይሸፈንም» ሲባሉ የውሉን የትኛው አንቀጽ እንደሚል ያሳዩዎት። ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የዝናብ መጥረጊያ በማለቃቸው ብዙውን ጊዜ አይሸፈኑም፤ የ12 ቮልቱ ባትሪም አብዛኛውን ጊዜ አጭር ጊዜ ነው ያለው። ክርክር የሚበዛው ከሥር ባሉት ዕቃዎች፣ በተለይ በአሞርዛተር ላይ ነው፤ «የእናንተ ሰፈር መንገድ ነው» ይባላል። አሞርዛተሩን ያዩት። ዘንጉ ከተጣመመ ወይም አካሉ ከተጎደጎደ ተመትቷል፣ እውነት አላቸው። ሳይጎዳ ዘይቱ እየተንጠባጠበ ከሆነ ጎሚኒው ለቋል፣ ያ የዕቃው እንከን ነው። ላዩ ላይ አቧራ የያዘ ስስ እርጥበት ብቻ ከሆነ ደግሞ ገና ነው፤ ፎቶ አንሥተው በሚቀጥለው ሰርቪስ ያነጻጽሩ።

«ሌላ ቦታ ተነክቷል» ለሚለው ጥያቄው አንድ ነው፦ የተነካው የትኛው ክፍል ነው፣ ይህንን ብልሽት እንዴት አመጣው? ጎሚስታ ጎማ መለወጡ ስክሪኑን አያጠፋም። ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡ። እውነትም ግጭት ያመጣው ጉዳት ከሆነ መንገዱ ጋራንቲ ሳይሆን ኢንሹራንስ ነው፣ ሙሉ ሽፋን ካለዎት። ለሁለቱም የተለያየ ታሪክ አይንገሩ፤ ሁለቱንም ያጣሉ።

«ዕቃው እየመጣ ነው» የሚለው መልስ በጣም የሚያዳክመው ነው፤ እምቢ አልተባሉምና የሚከራከሩበት የለም። የሚያስፈልግዎ የዕቃው ቁጥር፣ የታዘዘበት ቀን፣ በአየር ይሁን በመርከብ፣ የሚደርስበት ቀን ነው፤ በኢሜይል ወይም በደብዳቤ። አብሮም መኪናው የቆመባቸው ቀናት በጋራንቲው ላይ እንዲጨመሩ ይጠይቁ። ከሌላ መኪና የተፈታ ዕቃ ሊገጥሙልዎ ካሉ በጽሑፍ ይሁን፣ አዲሱ ሲመጣ እንደሚቀየር ተጠቅሶ። መኪናው ግቢያቸው የሚቆይ ከሆነ ባትሪው ከ50 እስከ 60 በመቶ ላይ ሆኖ ያስረክቡ፤ ባዶ ሆኖ ወር የቆመ ባትሪ ሌላ ብልሽት ይዞ ይጠብቅዎታል።

ደብዳቤው

ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ካልተጠገነ ሦስተኛውን ጉዞ በደብዳቤ ይተኩት። አጭር ይሁን፤ ስድብና የሕይወት ታሪክ አይግባበት።

«ለ… (በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ሙሉ ስም)
ጉዳዩ፦ በዋስትና ጊዜ ውስጥ የታየ እንከን እንዲጠገን ስለመጠየቅ
የሻንሲ ቁጥሩ … የሆነውን መኪና በቀን … በደረሰኝ ቁጥር … ከድርጅታችሁ ገዝቻለሁ። መኪናው በቀን …፣ 7,340 ኪ.ሜ. ላይ ሳለ በቤት ቻርጀር መሙላት አቁሟል። በሥራ ትዕዛዝ ቁጥር … እና … አስመዝግቤ እስካሁን አልተጠገነልኝም። ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ10 ቀናት ውስጥ መኪናውን መርምራችሁ በዋስትናው መሠረት ያለ ክፍያ እንድትጠግኑልኝ፣ የማትጠግኑ ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ። ይህ ደብዳቤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 መሠረት የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው።»

ቁጥሩ ለማስፈራሪያ አልገባም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ለመጠየቅ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሽያጭ ክፍሉ ደግሞ በቁጥር 2287 ሻጩ ዕቃው እንከን የሌለበት ስለመሆኑ ኃላፊ ነው ይላል፤ በቁጥር 2292 ገዢው እንከኑን እንዳየ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል፤ በቁጥር 2298 ክስ የሚቀርበው ካስታወቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ይህ አንድ ዓመት «ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና» ሲባል የሚያልቀው ዓመት ነው።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዘው ወደ መዝገብ ቤታቸው ይሂዱ፤ በሰርቪስ ክፍሉ መስኮት አይስጡ። በእርስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ይረፍ። «አንቀበልም» ካሉ በዚያው ቀን በአደራ ፖስታ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ፤ በኢሜይልና በቴሌግራምም ይድገሙት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለእንዲህ ያለ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሚሰጥ ንግግሩን አይሰርዙ፣ ስልክ ሲቀይሩም ምትኬ ይኑረው።

ከሻጩ በላይ

መኪናው ገና 15 ቀን ካልሞላው ጉልበቱ የእርስዎ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንከን ያገኘ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ቀኑ ካለፈም የገቡትን የዋስትና ግዴታ አለመወጣትን ከተከለከሉ ድርጊቶች ውስጥ ይቆጥረዋል። ልብ ይበሉ፦ አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የገዛውን ሰው ነው። መኪናውን በኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅትዎ ስም ከገዙት በዚህ በር መግባት ይከብድዎታል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ለድርጅትም ይሠራል።

አቤቱታው የሚቀርበው ሻጩ ንግድ ፈቃዱን ባወጣበት ከተማ ነው። የከተማው ዳር ሰዎች እዚህ ላይ ቀን ያባክናሉ። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ገላን ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። እርስዎ ሱሉልታ ቢኖሩም ሾውሩሙ ቦሌ ከሆነ ጉዳይዎ የአዲስ አበባ ንግድ ቢሮ ነው፤ ሻጩ ገላን ከሆነ ደግሞ የሸገር ንግድ ጽሕፈት ቤት። ፍርድ ቤትም እንዲሁ ይከፈላል። አዲስ አበባ ላይ እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለውን የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በአማርኛ ያየዋል፤ ኦሮሚያ ውስጥ ያለው ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻው በዚያው ይዘጋጃል። ደረሰኙ ላይ ያለውን የሻጩን አድራሻ አስቀድመው ያዩት፤ ሾውሩሙና የተመዘገበበት አድራሻ የተለያየ ድርጅት ብዙ ነው። ውሉ ውስጥ ክርክር በግልግል ዳኝነት ይታያል የሚል አንቀጽ ካለም ፍርድ ቤት ከመሄድዎ በፊት ለጠበቃ ያሳዩት።

ተጠግኖ ሲረከቡ

ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ወረቀት ይቀርብልዎታል። «መኪናዬን በተሟላ ሁኔታ ተረክቤያለሁ፣ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ይላል። መጀመሪያ ብልሽቱ ይታይበት በነበረው መንገድ ላይ ይንዱት፤ ቻርጀር ከነበረ ሰክተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። የተፈታውን ዕቃ ያሳዩዎት፣ የአዲሱን ቁጥር ጆብ ካርዱ ላይ ያስጽፉ፣ ለአዲሱ ዕቃ ለብቻው ስንት ጊዜ ጋራንቲ እንደተሰጠ ይጠይቁ። ከዚያ «ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚለውን ሰርዘው ከጎኑ «በ… ቀን የተመዘገበው የቻርጀር ብልሽት ተጠግኖ ተረክቤያለሁ» ብለው ይጻፉ፣ ኪሎ ሜትሩን ይጨምሩ፣ ይፈርሙ፣ ፎቶ ያንሡ።